ዋናው ጎዳና ለእግረኛ ወይስ ለመኪና?

ከተማ ከመንደር የሚለየው በቤቶቹ ብዛት ብቻ አይደለም። በመንደር ሰው የሚያገኘው የሚያውቀውን ሰው ነው፤ በከተማ ግን ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ ጎዳና ይሄዳል፣ ይገበያያል፣ ሰላምታም ይለዋወጣል። ስለዚህ የአንድ ከተማ ዋና ጎዳና እንዴት እንደ ተሠራና ማን እንደሚመላለስበት መመርመር፣ የከተማው ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚኖሩ መመርመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጥያቄም ከዚህ የመነጨ ነው፤ ይኸውም በአዳማና እርሷን በመሳሰሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ከዋናው ጎዳና ጥቂቱ እንኳ ለእግረኛ ቢለቀቅ ይጠቅማልን ወይስ ይጎዳል? የሚል ነው።

አዳማ መንገድ የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በመካከል ከነበሩት ጣቢያዎች አንዱ በዚህ ሥፍራ ነበር፤ ንግዱም ጣቢያውን ተከትሎ ሰፋ። የመኪናው መንገድም በዚያው በኩል ሲዘረጋ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር፣ ወደ አሰላና ወደ ባሌ የሚሄደው መንገደኛ በአዳማ በኩል የሚያልፍ ሆነ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጌታችን ባደገባት ከተማ ስም ናዝሬት ተብላ ተሰየመች፤ በ1992 ዓ.ም. አዳማ የሚለው የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመለሰላት፤ ሆኖም እስከ ዛሬ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ሁለቱም ስሞች ይነገራሉ።

የሞጆ፣ የመቂ፣ የባቱ፣ የአርሲ ነገሌና የሻሸመኔ ነገርም ከዚህ ብዙ አይለይም። በእነዚህ ከተሞች አገር አቋራጩ መንገድ ራሱ የገበያው ጎዳና ሆኖ ኖሯል። የመንገዱ ዓላማ ሰውንና ጭነትን ከሩቅ ወደ ሩቅ ማድረስ ነበር፤ ነገር ግን ሱቁም፣ ምግብ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም ደጃፋቸውን ወደዚያው መለሱ። በዚህ ምክንያት አንዱ አስፋልት ሁለት ሥራ ተሸከመ፤ ባለተሳቢው ከባድ መኪና ለማለፍ በሚቸኩልበት ሥፍራ፣ እናት ልጅዋን አዝላ ለመሻገር ትቆማለች። ለብዙ ዘመን የእነዚህ ከተሞች መታወቂያ በፈረስ የሚሳበው ጋሪ ነበር፤ በኋላም ባለሦስት እግሩ ባጃጅ መጥቶ ሕዝቡን አገለገለ፤ ጎዳናውን ግን ይበልጥ አጣበበው።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚጨነቀው እግረኛው ነው። በከተሞቻችን አብዛኛው ሰው ወደ ሥራው፣ ወደ ገበያውና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሄደው በእግሩ ነው። ለእርሱ የተሠራው የመንገድ ዳር ግን በብዙ ቦታ የሱቅ ዕቃ ተደርድሮበት፣ መኪና ቆሞበት ወይም ጉልት ተዘርግቶበት ይገኛልና፣ ሳይወድ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ በ2021 በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደ ሞቱ ገልጿል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና የሞተር ብስክሌት ተጓዦች ናቸው። የተሽከርካሪ ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ የምቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሰው በተሰበሰበበት ጎዳና ፍጥነትን መቀነስ ነፍስን የማዳን ጉዳይ እንጂ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ነገር ግን ፍርድ ትክክል የሚሆነው ሁለቱንም ወገን በሰሙ ጊዜ ነው። ባለሱቁ፣ መኪና ቢከለከል ዕቃዬን በምን አስመጣለሁ? ገዢዬስ ወደ ሌላ ሰፈር አይሄድብኝምን? ብሎ ቢጠይቅ ስስታም ሊባል አይገባውም፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉትና። ባጃጁን በብድር የገዛው ወጣትም፣ ብዙ ሰው ከሚሳፈርበት ጎዳና ቢታገድ የዕለት ገቢው ይጎድልበታል። ጫኝና አውራጁ፣ ምግብ ቤት ከፍታ መንገደኛ የምትቀበለው ሴት፣ መራመድ የማይችሉት አረጋዊና ሕመምተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ሊሰማ የሚገባ ጥያቄ አላቸው። እግረኛን ለመርዳት ተብሎ የሌላውን እንጀራ መቁረጥ መልካም ሥራ አይባልም።

ታዲያ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላልን? እንደሚቻል ከሚያመለክቱት ነገሮች አንዱ በራሳችን በዓል ውስጥ ይገኛል። በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታት ከመንበራቸው ተነሥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ በማግሥቱም ሲመለሱ፣ ጎዳናው ሁሉ የእግረኛ ይሆናል። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል፤ ሽማግሌው በትሩን ተደግፎ፣ ሕፃኑም በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ በመንገዱ መካከል ያልፋል። በዚያን ቀን ከተማው አይፈርስም፤ እንዲያውም ውኃና ቆሎ የሚሸጡት ሳይቀሩ ገበያቸው ይደራል። ይሁን እንጂ ከዚህ የምንማረው ልክ አለው፤ ለሁለት ቀን የሚታገሥ ነጋዴ ዓመቱን በሙሉ ይታገሣል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከበዓል ውጭ የተደረገውን ሙከራም መመልከት ይገባናል።

በአዲስ አበባ በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለ መርሐ ግብር ተጀምሮ፣ የተመረጡ ጎዳናዎች በወሩ የመጨረሻ እሑድ ለተወሰኑ ሰዓታት ከመኪና ነጻ እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር። ልጆች በአስፋልት ላይ ኳስ ተጫወቱ፤ ጎልማሶችም ስፖርት ሠሩ። ቀጥሎም በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት በዋና ከተማዋ የእግረኛንና የብስክሌትን መንገድ አስፍቷል። ነገር ግን ለዚሁ ሥራ በጎዳናው ዳር የነበሩ ብዙ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል፤ በዚያ ይኖሩና ይነግዱ የነበሩትም ወደ ሌላ ሥፍራ ሄደዋል። ሰፊና ያማረ መንገድ መልካም ነው፤ ሆኖም በአካባቢው የነበረው ድኻ በዚያ ለመሄድም ለመነገድም ካልታደለ፣ መንገዱ ለሰው ተሠራ ለማለት አፍ ያመነታል።

የሌላውንም ዓለም ታሪክ ብንመረምር የምናገኘው አንድ ዓይነት መልስ አይደለም። የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ስትሮየት የተባለውን የገበያ ጎዳናዋን በአውሮፓ አቆጣጠር በኅዳር ወር 1962 ለሙከራ ከመኪና ዘጋችው። ብዙ ነጋዴዎች ገበያችን ይጠፋል፣ በዚህ ብርድ ማን በደጅ ይመላለሳል? እያሉ ተቃውመው ነበር፤ ነገር ግን ሰው በዛ፣ ንግዱም አልጠፋም፤ በ1964 ሙከራው ቋሚ ሆነ። በአሜሪካ ግን ካላማዙ የተባለችው ከተማ በ1959 የገበያ ጎዳናዋን ለእግረኛ ብቻ ብትለቅም፣ ገዢው ከከተማ ዳር የሚኖርና በመኪና የሚመጣ ስለ ነበረ፣ በዳርቻው ወደ ተሠሩት የገበያ ማዕከሎች ሸሸ፤ በ1998ም የጎዳናው ከፊል ለመኪና ተመልሶ ተከፈተ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ገዢው በእግሩና በሕዝብ ማመላለሻ በሚመጣበት ከተማ የእግረኛ ጎዳና ይለማል፤ በግል መኪና ብቻ በሚመጣበት ግን ይደርቃል። የአዳማ ገዢ በአብዛኛው በእግሩ፣ በባጃጅና በታክሲ የሚመጣ ነውና፣ ነገሩ ከካላማዙ ይልቅ ወደ ኮፐንሃገን ይቀርባል።

ጊዜውም ቢሆን ከቀድሞው ይልቅ የተመቸ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ መካከል ሰንጥቆ ያልፍ የነበረውን ብዙ ተሽከርካሪ ከእነዚህ ከተሞች ውስጥ አውጥቶታል። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚዘረጋውም መንገድ በመቂ በኩል እስከ ባቱ ያለው ክፍል አገልግሎት ላይ ውሏል። አላፊው ጭነት የራሱ መንገድ ካገኘ፣ አሮጌው ጎዳና ለከተማው ሰው ሊመለስ ይችላል። ይህ ባልተደረገበት ግን፣ ጎዳናውን መዝጋት ከባድ መኪናውን ወደ መኖሪያ ሰፈሮች መላክ ይሆናልና፣ አስቀድሞ ለእርሱ መተላለፊያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሚሻለው በትንሹ ጀምሮ፣ አይቶ መቀጠል ነው። በመጀመሪያ እግረኛ የሚበዛበት አንድ አጭር የጎዳና ክፍል ተመርጦ፣ በእሑድና በታላላቅ በዓላት ቀን ብቻ ለሙከራ ይለቀቅ። ለሱቆች ዕቃ የሚያራግፍ መኪና ከንጋት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲገባ ይፈቀድለት፤ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ግን መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። በጎዳናው በሁለቱም ጫፍ የባጃጅና የጋሪ መቆሚያ ቢዘጋጅ፣ ሾፌሩ ተሳፋሪ አያጣም፤ አረጋዊውም ሩቅ አይሄድም። ጉልት የሚቸረችሩትም እንዳይባረሩ የታወቀ ሥፍራ ይሰጣቸው። አዳማ ሞቃት ከተማ ናትና፣ ጥላ የሚሆን ዛፍና መቀመጫ የሌለው ጎዳና ቢዘጋም ሰው አይሄድበትም። ጥቂት ወራት ካለፉም በኋላ ነጋዴውና ሾፌሩ፣ ወላጆችና የሃይማኖት አባቶች ከከተማው አስተዳደር ጋር ተቀምጠው፣ ገበያው ጨመረ ወይስ ቀነሰ? አደጋውስ? ብለው በቁጥር ይመርምሩ፤ ጥቅሙ ከታየም ቀኑና ርዝመቱ ይጨመር።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ይህ ጉዳይ ለሹማምንትና ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። ባለሱቅ የሆነ ክርስቲያን ዕቃውን ከእግረኛው መንገድ ላይ ቢያነሣ፣ ባለመኪናው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ፈቀቅ ብሎ ቢያቆም፣ ሾፌሩም ሕፃን ሲሻገር ቢታገሥ፣ ሕግ ሳይወጣ ጎዳናው ግማሽ በግማሽ የሰው ይሆናል። ልጆቻችንም መንገድ አቋራጭን ማክበር የሚማሩት አባታቸው ሲነዳ ካዩት ነው። በወንጌል የተነገረው ደጉ ሳምራዊ ምስጋና ያገኘው መንገደኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሌሎቹም መንገደኞች ነበሩና። እርሱ ግን የወደቀውን አይቶ ቆመ፤ ቁስሉን አሰረለት፤ በገዛ እንስሳውም ላይ እርሱን አስቀመጠው። የመቀመጫውን ስፍራ ለደካማው የለቀቀ ሰው ጉዞው ይዘገይበት ይሆናል፤ ነገር ግን አልቀረበትም።

ለደካማው ስፍራ የሚለቅ ልቡና እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን።