ሰባ ስድስት ጊዜ ያነሰው ዴልቲክ፦ ሞዴል የት ይታመናል?

በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ርዝመቱ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የሎኮሞቲቭ ሞዴል በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። አካሉ አረንጓዴ ነው፤ የበሩ የእጅ መያዣ ዘንጎች ከስፌት መርፌ የቀጠኑ ናቸው፤ በመስኮቱ ውስጥ የነጂው ወንበር ይታያል፤ በጎኑ ላይ ያለው የስም ሰሌዳም በአጉሊ መነጽር ይነበባል። ይህ ሞዴል «ዴልቲክ» የተሰኘውን ስመ ጥር የእንግሊዝ ዲዝል ሎኮሞቲቭ በ76 እጥፍ አሳንሶ የሚያሳይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሣ። የአንድ ነገር እያንዳንዱ ክፍል በእኩል መጠን ቢያንስ፣ ትንሹ ነገር ልክ እንደ ትልቁ ይሠራልን? ብዙዎቻችን ያለማመንታት «አዎን» እንል ይሆናል። መልሱ ግን «አይሠራም» ነው፤ ምክንያቱንም በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

እውነተኛው ዴልቲክ

እንግሊሽ ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ዴልቲክ ለሙከራ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1955 ነበር። ሙከራው በመሳካቱ እ.ኤ.አ. በ1961 እና በ1962 ሃያ ሁለት ሎኮሞቲቮች ተሠርተው፣ ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ እስከ ኤድንብራ ባለው መስመር ተሰማሩ። እያንዳንዱ 100 ቶን ያህል ይመዝናል፤ 3,300 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

የዚህ ኃይል ምንጭ ኔፒየር የሠራቸው ሁለት ሞተሮች ናቸው። ሞተሩ አስቀድሞ የታቀደው ለባሕር ኃይል ፈጣን ጀልባዎች ስለ ነበር፣ ብዙ ኃይል በአነስተኛ ክብደት መስጠት ይጠበቅበት ነበር። መሐንዲሶቹ ሲሊንደሮቹን በተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ቅርፅ አቀናጁአቸው፤ ስሙም የመጣው ይህን ቅርፅ ከያዘው ዴልታ ከተሰኘው የግሪክ ፊደል ነው። በየማዕዘኑ አንድ ክራንክሻፍት አለ፤ በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥም ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ስድስት ሦስት ማዕዘኖች በመደዳ ሲሰለፉ 18 ሲሊንደሮችና 36 ፒስተኖች ይሆናሉ። ከሦስቱ ክራንክሻፍቶች አንዱ ከሌሎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከር መሆኑ የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ ለማቀናጀት አስችሏል።

የዴልቲክ ዘመን ግን ረጅም አልነበረም። ፈጣን ባቡሮች ቦታውን ከወሰዱ በኋላ፣ የመጨረሻው የስንብት ጉዞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1982 ተካሄደ። ከሃያ ሁለቱ አሥራ ስድስቱ ተቆራርጠው ብረታቸው ተሸጠ፤ ስድስቱና የመጀመሪያው የሙከራ ሎኮሞቲቭ ብቻ ተረፉ። ስለዚህ ለጠፉት አሥራ ስድስቱ ሞዴል ማለት መጫወቻ ብቻ ሳይሆን መልካቸውን የሚያሳይ መዝገብም ነው። መዝገብነቱ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የተረፉት ሎኮሞቲቮች በአገልግሎት ዘመናቸው ተለዋውጠዋል፤ ለምሳሌ በፊታቸው ላይ የነበረው የጉዞ ቁጥር ማሳያ ሣጥን በ1970ዎቹ ተደፍኖ በሁለት መብራቶች ተተክቷል። ሞዴል ሠሪው የተረፈውን አካል በጨረር ቢለካም፣ የድሮ ንድፎችንና ፎቶግራፎችን ሳያመሳክር የ1961ዱን ዴልቲክ ሊሠራ አይችልም። «ይህ ሞዴል ትክክል ነው» ሲባል፣ «በየትኛው ዓመት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

76 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

በእንግሊዝ በስፋት በሚሠራበት መስፈርት፣ በእውነተኛው ላይ ያለ አንድ ጫማ በሞዴሉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም 1 ለ76.2 ማለት ነው። የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጂቡቲ መስመርም የሚጠቀምበት ይኸው ልክ ነው። ይህ ለ76.2 ሲካፈል 18.83 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ነገር ግን የሞዴሉ ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው!

ስሕተቱ ታሪካዊ ምክንያት አለው። 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚስማማው በሌሎች አገሮች ለተለመደው 1 ለ87 መስፈርት ነው። የእንግሊዝ ድልድዮችና ዋሻዎች ጠባብ በመሆናቸው ባቡሮቻቸውም ከሌላው አውሮፓ ባቡሮች ያነሱ ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የነበሩት የኤሌክትሪክ ሞተሮች በ87 እጥፍ ባነሰ የእንግሊዝ ሎኮሞቲቭ ውስጥ መግባት ስላስቸገራቸው፣ አምራቾች ሐዲዱን እንዳለ ትተው አካሉን ብቻ አሳደጉት። ዛሬ ሞተሮቹ እጅግ ቢያንሱም፣ በየቤቱ የተዘረጋውን ሐዲድ መለወጥ ስለሚከብድ ስሕተቱ እንደ ጸና አለ። ከፊት ለፊት ስናየው ሞዴሉ፣ በእውነተኛው ልክ ሲሰላ፣ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል በጠበበ ሐዲድ ላይ ቆሞ ይገኛል።

ርዝመት፣ ስፋትና ይዘት

ከላይ ያየነው ስሕተት በገንዘብና በድካም ሊታረም የሚችል ነው፤ በትክክለኛው 18.83 ሚሊ ሜትር የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ። አሁን የምንመለከተው ግን የማንም ጥበብ የማያርመውን ነው። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ርዝመት በ76 እጥፍ ሲያንስ ስፋት በ76 ጊዜ 76፣ ይዘትና ክብደት ደግሞ በ76 ጊዜ 76 ጊዜ 76 እጥፍ ያንሳሉ። በዚህ ስሌት 100 ቶኑ ሎኮሞቲቭ 226 ግራም ብቻ ይሆናል።

የአንድ አካል ጥንካሬ የሚወሰነው በስፋቱ ሲሆን ሸክሙ ግን በይዘቱ ነው። ስለዚህ ትንሹ ነገር ለክብደቱ እጅግ ጠንካራ ይሆናል። ሞዴሉ 76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ጠረጴዛ ቢወድቅ፣ ይህ በመስፈርቱ ከ58 ሜትር ገደል እንደ መውደቅ ነው። እውነተኛው ዴልቲክ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ሞዴሉ ምናልባት አንድ መሰላል ወይም መያዣ ቢሰበርበት ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ሁሉን ነገር በልኩ ማሳነስ አይቻልም። ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአካል ቆርቆሮ በመስፈርቱ 0.04 ሚሊ ሜትር ሊሆን ነው፤ ይህ ከፀጉር ዘለላ አይወፍርም፤ ጣት ሲነካው ይጎብጣል። ስለዚህ የሞዴሉ ፕላስቲክ ግድግዳ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ይኸውም በእውነተኛው ላይ 76 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

ፍጥነትና መቆም

በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚለው ፍጥነት በሞዴሉ ላይ በሴኮንድ 59 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እውነተኛው ባቡር ፍሬን ይዞ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይቆማል እንበል። ሞዴሉም በተመሳሳይ የፍሬን መጠን ቢቆም፣ መስፈርቱ የሚጠይቀው 13 ሜትር መሄድን ሲሆን የሚሄደው ግን 17 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው! ምክንያቱ የማቆሚያ ርቀት የሚያንሰው በፍጥነቱ ካሬ መሆኑ ነው። መብራት ሲቋረጥ ትንሹ ባቡር ድንገት ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው። አምራቾች ጉድለቱን ለማካካስ በሞተሩ ዘንግ ላይ ፍላይዊል የተባለ በፍጥነት የሚሽከረከር ከባድ ክብ ብረት ይገጥማሉ፤ በዲጂታል መቆጣጠሪያም ፍጥነቱ ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ያደርጋሉ።

የመሬት ስበት ለሞዴሉ ብሎ አያንስም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ በ1870ዎቹ የመርከብ ሞዴሎችን በውኃ ገንዳ ሲጎትት፣ ሞገዱ ከእውነተኛው ጋር እንዲመሳሰል ፍጥነቱ መቀነስ ያለበት በመስፈርቱ ሳይሆን በመስፈርቱ ካሬ ሥር መሆኑን አሳየ። በዚህ ሕግ የእኛ ዴልቲክ በሴኮንድ 5 ሜትር ያህል ሊሮጥ ነው። ነገር ግን በቤት ውስጥ ሐዲድ የተለመደውን 438 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ያለውን ኩርባ በዚህ ፍጥነት ለመዞር ከክብደቱ ስድስት እጥፍ የሆነ የጎን ኃይል ስለሚያስፈልገው፣ ከሐዲዱ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ስለዚህ ሞዴል ሠሪው ለዓይን የሚስማማውን ፍጥነት ይመርጣል፤ የስበትን ሕግ ደግሞ ይተዋል።

ድምፁስ?

ዴልቲክን ያወቁ ሁሉ የሚያነሡት ድምፁን ነው። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ በደቂቃ 1,500 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 25 ጊዜ ይዞራል። በሴኮንድ 25 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በአየር ውስጥ 13 ሜትር ተኩል ገደማ የሞገድ ርዝመት አለው። በሞዴሉ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ድምፅ ማጉያ ይህን ያህል አየር ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ከእውነተኛው ሎኮሞቲቭ የተቀዳ ድምፅ ቢሰጠውም፣ ደረትን የሚያስተጋባው ጥልቅ ድምፅ ይጎድላል፤ አየሩ አላነሰምና።

ምን እንማራለን?

እንግዲህ ሞዴል ሁሉ ምርጫ ነው። የመልክ እውነት ሲጠበቅ የክብደት፣ የፍጥነት ወይም የድምፅ እውነት ይቀራል። የጠረጴዛው ዴልቲክ ቢሳሳት ከጨዋታ በቀር የሚጎዳ ነገር የለም። የግድብ፣ የድልድይ ወይም የመርከብ ሞዴል የሚሠራ መሐንዲስ ግን የትኛውን እውነት እንደ ጠበቀና የትኛውን እንደ ተወ ካላወቀ፣ ዋጋው የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወጣት አንባብያን ማንኛውንም ሞዴል ስትመለከቱ፣ «ምን ያህል ይመስላል?» ከማለት አልፋችሁ «በምን በኩል ይመስላል? በምን በኩልስ አይመስልም?» ብላችሁ እንድትጠይቁ እናሳስባለን።