ከመለኪያ ሜትር እስከ ፊርማ፦ የአማካሪ መሐንዲስ የሙያ ዕድገት ከይፋት ቆላ ሲታይ



የተመራቂ ተማሪዎች ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ «በአማካሪ ድርጅት ብቀጠር በስንት ዓመት የት እደርሳለሁ?» ይላሉ። የመዋቅሩ መልስ አጭር ነው። በድርጅቱ ውስጥ ጀማሪ መሐንዲስ፣ መሐንዲስ፣ ከፍተኛ መሐንዲስ፣ ከዚያም የፕሮጀክት ኃላፊ መሆን አለ። በመንግሥት ምዝገባ በኩል ደግሞ ግራጁዌት፣ ፕሮፌሽናል እና ፕራክቲሲንግ ፕሮፌሽናል የሚባሉ እርከኖች አሉ። እኔ ግን ዛሬ ላስረዳ የምሻው ይህ መሰላል የማያሳየውን ነገር ነው። የአማካሪ መሐንዲስ ዕድገት በማዕረጉ ሳይሆን በፊርማው ክብደት ይመዘናል፤ ፊርማውም የሚከብደው ያየውን መሬት ያህል ነው። ይህን የተማርሁት በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ስለ ሆነ፣ ነገሬን ከዚያ እጀምራለሁ።

አካባቢውን የማታውቁ ብትኖሩ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናችሁ። ጣልያኖች የሠሩትን ዋሻ አልፎ መንገዱ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይጠማዘዛል። ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ብርዱ ለሙቀት፣ ገብሱ ለማሽላ፣ ለማሾና ለሽንኩርት ቦታውን ይለቃል። ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አጣዬና ቦርከና ከዚህ ገደል እየወረዱ ወደ አዋሽ የሚያቀኑ ወንዞች ናቸው። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ዝናቡ የሚጥለው ደጋ ላይ፣ ጎርፉ የሚደርሰው ቆላ ነው። ቁልቁለቱ ያብቃና ሜዳው ሲጀምር ወንዙ ተሸክሞ ያመጣውን ቋጥኝና ጠጠር በዚያው ይጥለዋል፤ ሲያሻውም መሄጃውን ይለውጣል።

በዚህ ተፋሰስ ላይ የአማካሪ መሐንዲሶች ሥራ የቆየ ነው። ሶግሬያ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር ሆኖ የአዋሽን ተፋሰስ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1965 አቅርቧል፤ የእንግሊዙ ሃልክሮም እ.ኤ.አ. በ1989 የተፋሰሱን መሪ ዕቅድ አዘጋጅቷል። በዚያ ዘመን ጥናቱ በአመዛኙ በውጭ ድርጅቶች እጅ ነበር። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የውኃ፣ የትራንስፖርትና የሕንፃ ዲዛይን የመንግሥት ድርጅቶች ተዋህደው በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኮንስትራክሽን ዲዛይንና ሱፐርቪዥን ሥራዎች ኮርፖሬሽን ተቋቁሟል፤ ክልሎች የየራሳቸው የዲዛይን ድርጅቶች አሏቸው፤ የግል አማካሪዎችም በርክተዋል። ስለዚህ ጥያቄው «የአገር ልጅ ይሠራዋልን?» ከመሆን አልፎ «የአገር ልጅ እንዴት ባለ ሙያ ይሆናል?» ወደሚል ተሸጋግሯል።

አማካሪ ድርጅት የሚሸጠው ሲሚንቶ ወይም ብረት አይደለም፤ የሰው ጊዜና ፍርድ ነው። ጨረታ ሲወጣ የቴክኒክ ሰነዱ ውስጥ የቁልፍ ባለሙያዎች የሥራ ልምድ ይገባል፤ ነጥብ የሚሰጠውም በአብዛኛው ለእርሱ ነው። ክፍያው በሰው-ወር ይሰላል። ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይወለዳሉ። አንደኛው መልካም ነው፤ የሰው ልምድ ዋጋ አለው። ሁለተኛው ግን አደገኛ ነው፤ ሥራው በአንጋፋው ባለሙያ ስም ይሸነፍና በጀማሪው እግር ይሠራል። አንጋፋው በአንድ ጊዜ በብዙ ሰነዶች ላይ ስሙ ስለሚጻፍ መስክ የሚወጣበት ጊዜ የለውም። መሬቱን ያየው አይፈርምም፤ የሚፈርመውም መሬቱን አላየም።

ይህ ክፍተት ምን እንደሚያስከትል ከራሴ ታሪክ ልንገራችሁ።

ተመርቄ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ለአንድ አነስተኛ የመስኖ ጥናት ወደ ሸዋ ሮቢት ተላክሁ። ሥራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ፣ በበጋ በሚደርቅ ወንዝ ላይ የመጥለፊያ ግድብ መንደፍ ነበር። ከቀያሹ ጋር የወንዙን መስቀለኛ ቅርጽ ስንለካ አንድ አዛውንት ገበሬ ቀረብ አሉና ከዳር ወደ ቆመ የቁርቁራ ዛፍ መሩኝ። ባላው ላይ የደረቀ ቆሻሻና የጭራሮ ክምር ተሰክቷል።

«ጎርፉ እዚህ ደርሷል» አሉኝ።

«አባባ፣ መቼ ነው የሆነው?»

«ትንሹ ልጄ የተወለደ ክረምት። ደግሞ ልብ በል ልጄ፤ ይህ ወንዝ በውኃ ብቻ አይመጣም፤ በድንጋይ ነው የሚመጣ።»

ከፍታውን በሜትር ለካሁ፤ በማስታወሻዬም ጻፍሁት። ቢሮ ስመለስ ስሌቱን ሠራሁ። ወንዙ የፍሰት መለኪያ ጣቢያ ስለሌለው፣ እንደ ተለመደው የዝናብ መረጃን፣ የተፋሰሱን ስፋትና የአፈሩን ባሕርይ ይዞ ከፍተኛውን ጎርፍ በሚገምተው ዘዴ ተጠቀምሁ። ውጤቱ አዛውንቱ ካሳዩኝ ምልክት እጅግ ያነሰ ነበር። ለቅርብ ኃላፊዬ አሳየሁት። «የገበሬ ወሬ መረጃ አይሆንም፤ ሰነዱ ደግሞ በሳምንቱ መጨረሻ ይገባል» አለኝ።

ዝም አልሁ። የደረጃ ዕድገቴ በዚያው ወር የሚታይ ስለ ነበር መከራከር አልፈለግሁም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንላለን፤ እኔ ግን ሹመቱ እንዳይቀርብኝ ብዬ ሳልናገር ቀረሁ። ዕድገቱንም አገኘሁ።

ግድቡ ተሠራ። በሁለተኛው ክረምት ደራሽ ጎርፍ የውኃ መግቢያ በሩን በቋጥኝና በጠጠር ደፈነው፤ ወንዙም ግድቡን ትቶ የግራውን ዳር ቦርቡሮ በጎን አለፈ። ስደርስ ገበሬዎቹ በድንጋይና በጭራሮ የጥንቱን ዓይነት መጥለፊያ እየሠሩ ነበር። የዚያ በጋ የሽንኩርት መደባቸው ውኃ አላገኘም። ማንም አልሰደበኝም፤ እኒያ አዛውንት እንኳ ሰላምታ ብቻ ሰጥተውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በኃላፊዬ ላይ ጥፋቱን አልጥልም። እርሱ ዛፉን አላየም፤ ያየሁት እኔ ነኝ። ማድረግ የነበረብኝም ከባድ አልነበረም። የጎርፍ ምልክት ከተገኘ፣ የወንዙ መስቀለኛ ቅርጽ፣ የመደቡ ተዳፋትና ሻካራነት ታክለውበት በማኒንግ ቀመር ያለፈው ጎርፍ መጠን ይሰላል። ይህ በመማሪያ መጽሐፋችሁ ያለ ነው። ሁለቱ ውጤቶች ሲራራቁ ደግሞ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው። ወይ ደጋ የሚጥለውን ዝናብ ቆላ ያለው ጣቢያ አልመዘገበውም፣ ወይ ጎርፉ የተሸከመው ደለልና ድንጋይ ከፍታውን ጨምሮታል፣ ወይም የዛፉ ምልክት በተሳሳተ መንገድ ተነብቧል። የትኛው እንደ ሆነ መመርመር የአማካሪነት ሥራ ማለት ነው። እኔ የማይስማማውን ቁጥር አውጥቼ ጣልሁና ሰነዱን አሳመርሁት።

የነዋሪ ምስክርነት ከሳይንስ ውጭ ነው የምትሉ ካላችሁ ወደ ሰሜን ጥቂት እንሂድ። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤቶች ተደርምሰዋል፤ የደሴ መንገድም ተጎድቷል። ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የመሣሪያ ንባብንና የሰዎችን ምስክርነት አጣምረው መዝግበዋል። መሣሪያ ከመኖሩ በፊት ስለ ነበረው ዘመን የምናውቀው ከጽሑፍና ከሰው ቃል ነው። ሙያው ምስክርነትን ይመረምራል እንጂ አይንቅም።

ወደ ሙያ ዕድገት ልመለስ። ከጥናት ቀጥሎ ያለው ትልቁ ትምህርት ቤት የግንባታ ቁጥጥር ነው። በዚህ ሥራ ተጠሪ መሐንዲስ የተቋራጩን ሥራ ይመረምራል፤ የክፍያ ሰርተፊኬትም ያጸድቃል። እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ታያላችሁ። በብዙ ውሎች የተጠሪ መሐንዲሱን ተሽከርካሪ፣ ቢሮና መኖሪያ ቤት የሚያቀርበው ራሱ ተቋራጩ ነው፤ ወጪው በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ይያዛል። በቆላው ሐሩር ማራገቢያው ሲበላሽ የሚደወለው ወደ ተቋራጩ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ የዚያኑ ተቋራጭ የጠጠር ንጣፍ «አልተጠቀጠቀም፣ ይነሣ» ማለት ይመጣል።

የፊዲክ የውል ሁኔታዎች ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተመላልሰዋል። እ.ኤ.አ. የ1987ቱ እትም መሐንዲሱ ያለ አድልዎ እንዲሠራ ይጠይቅ ነበር፤ የ1999ኙ እትም መሐንዲሱ በመሠረቱ ለአሠሪው እንደሚሠራ ተቀብሎ ውሳኔው ግን ፍትሐዊ እንዲሆን አዘዘ። አንቀጹ ይለዋወጣል፤ የሚፈለገው ሰው ግን ያው ነው፤ «አይሆንም» ማለት የሚችል ሰው። ይህ ችሎታ ከፍተኛ መሐንዲስ ሲኮን በድንገት አይመጣም። በጀማሪነት ዘመን በትንሹ ካልተለማመዱት ኋላ አይገኝም።

ስለዚህ ለእናንተ ለተማሪዎች ያለኝ ምክር ሦስት ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መስክ ላይ አሳልፉ፤ መስክ ከቢሮ የራቀ ግዞት ቢመስልም የፊርማችሁ ስንቅ የሚሰነቀው እዚያ ነው። የመስክ ማስታወሻችሁን ቀንና ቦታ እየጻፋችሁ ጠብቁ፤ ኋላ ስትከራከሩ የሚያቆማችሁ እርሱ ነው። ከኃላፊያችሁ ጋር ካልተስማማችሁ ደግሞ በጨዋነት፣ በጽሑፍ፣ ከስሌት ጋር አቅርቡ። ላይቀበላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ሐሳቡ በሰነድ ውስጥ ይኖራል።

ለድርጅቶች የምለው አለ። የመስክ ባለሙያ ውሉ ከፕሮጀክቱ ጋር የሚያልቅ፣ ቢሮ የተቀመጠው ግን ለአለቃ ዓይን ቅርብ ስለ ሆነ የሚያድግ ከሆነ፣ ብልህ ወጣት መስክ አይወጣም። ዕድገት ሲታይ የመስክ ዓመታት ይቆጠሩ። በሰነዱ ላይ መሬቱን የረገጠው ጀማሪ ስም ከአንጋፋው ስም ጋር ይጻፍ። አንጋፋውም ሳይፈርም አንድ ቀን ቦታው ላይ ይዋል። የአንድ ቀን አበል ከአንድ ግድብ ጥገና ይረክሳል።

ዛሬ የሌሎችን ጥናት የምገመግም ሰው ነኝ። ሰነድ ሲቀርብልኝ ከስሌቱ በፊት የምጠይቀው አንድ ገጽ አለ፤ በቦታው ማን ምን አለ፣ ምን ምልክት አሳየ፣ ከስሌቱ ጋር ተስማማ ወይስ ተቃረነ የሚል። ገጹ ባዶ ከሆነ ሰነዱን እመልሳለሁ። ጨካኝ የሚሉኝ ጀማሪዎች እንዳሉ አውቃለሁ። እኒያን የመሰሉ አዛውንት አግኝተው ቃላቸውን ሳይጽፉ ከቀሩ ግን የሚደርስባቸውን እኔ አውቀዋለሁ።