መርሳት ሁሉ እርጅና ነውን?

አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ስም ሲያሳስቱ በአካባቢያችን የተለመደው ፍርድ «ጃጅተዋል» የሚል ነው። ቃሉ እርጅናንና በሽታን አንድ ላይ ይጠቀልላል። ሁለቱን ለመለየት ፊዚክስ ያበረከተውን ድርሻ እንመልከት።

የታመመ አንጎል ቀድሞ በቅርብ ይመረመር የነበረው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 አውጉስተ ዴተር የተባሉ የ51 ዓመት ሴት ፍራንክፈርት ወደሚገኝ ሆስፒታል ገቡ። ስማቸውን እንዲጽፉ ሲጠየቁ «ወይዘሮ» ብለው ጽፈው ቀሪውን ረሱት። በ1906 ሲያርፉ ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር አንጎላቸውን በማይክሮስኮፕ መረመረ፤ በነርቭ ሕዋሳቱ መካከል የተጋገሩ ጉድፎችን፣ በሕዋሳቱ ውስጥም የተተበተቡ ክሮችን አገኘ። ጉድፎቹ አሚሎይድ፣ ክሮቹ ደግሞ ታው ከተባሉ ፕሮቲኖች የሚሠሩ መሆናቸውን ዛሬ እናውቃለን። በ51 ዓመት ስለ እርጅና መናገር እንደማይቻል ልብ ይሏል።

ሕያው አንጎልን ሳይከፍቱ በዝርዝር ለማየት ያስቻለው ኤም.አር.አይ. ነው። አንጎል በአብዛኛው ውኃ ሲሆን በውኃው ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን አስኳል እንደ ጥቃቅን ማግኔት ይሠራል። በ1.5 ቴስላ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ይህ አስኳል በ64 ሜጋኸርዝ ገደማ እንደ እንዝርት ይሾራል (ተማሪዎቻችን በፈተና የሚያማርሩበት ሹረት ይኸው ነው)። በዚሁ ድግግሞሽ የሬዲዮ ሞገድ ሲላክበት ኃይል ይቀበላል፤ መልሶ ከሚሰጠው ምልክትም ምስል ይቀናበራል።

ለማስታወስ ወሳኝ የሆነው ሂፖካምፐስ በጤናማ አረጋውያንም በዓመት ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በአልዛይመር ሕሙማን ግን መጠኑ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። እንግዲህ መቀነሱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው የሚለያየው። በእኛ አስተያየት ከአንድ ምስል ይልቅ በዓመታት ልዩነት የተነሡ ሁለት ምስሎች ይበልጣሉ።

አሚሎይድን ለማየት ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነው ዘዴ አሚሎይድ ላይ የሚጣበቅ ውሁድ ካርቦን-11ን ተሸክሞ ወደ ደም ይገባል። ካርቦን-11 ፖዚትሮን ይለቃል፤ ፖዚትሮኑ ከኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ጠፍተው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጓዙ ሁለት የጋማ ጨረሮች ይወጣሉ። ግማሽ ዕድሜው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ በመሆኑ በአቅራቢያው ሳይክሎትሮን የሌለው ሆስፒታል ሊጠቀምበት አይችልም። የሚያስገርመው ግን አሚሎይድ ምንም የመርሳት ችግር በሌለባቸው በርካታ አረጋውያንም መታየቱ ነው።

በአገራችን ያለ አብዛኛው ቤተሰብ እንዲህ ያለውን መሣሪያ አያገኝም። ይሁን እንጂ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከምና ድብርትም መርሳትን ያስከትላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በደም ምርመራ፣ ሦስተኛው ሐኪም ከታማሚው ጋር በጥሞና በሚያደርገው ውይይት ይታወቃሉ፤ በጊዜው ሲታከሙም መርሳቱ ሊሻሻል ይችላል። «ጃጅተዋል» ተብለው ቤት የተቀመጡት አዛውንት ከእነዚህ መካከል ሊሆኑ ይችላሉ።