«ይህ በሽታ ከማን ወገን መጣ?»



ቤተሰቦችን ስጎበኝ ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ። ልጅ ታሞ ሐኪሙ «የዘር በሽታ ነው» ሲል ባልና ሚስት ይተያያሉ። «በእኛ ወገን እንዲህ ያለ በሽታ የለም» ይባባላሉ። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር መቁጠር ልማዳችን ስለሆነ ነገሩ ቶሎ ያስቀይማል፣ ትዳርም ያናጋል። ስለዚህ ዛሬ በሰውነታችን ውስጥ ቦታ ስለሚለውጡ የዘር ቁራጮች እንነጋገራለን።

በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል በጣም ቀጭን ክር አለ። ሰውነት የሚሠራበት መመሪያ ያለው በእርሱ ላይ ነው። ግማሹ ከአባት፣ ግማሹ ከእናት ይመጣል። ቀድሞ ተመራማሪዎች እያንዳንዱ መመሪያ ከቦታው የማይነቃነቅ ይመስላቸው ነበር።

እንዳልሆነ ያሳየችው ባርባራ ማክሊንቶክ የተባለች አሜሪካዊት ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት በቆሎ እየዘራች ስትመራመር፣ ቀለም በሌላቸው ፍሬዎች ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አየች። ምክንያቱ ይህ ነበር፦ አንድ የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ ቀለም በሚሰጠው መመሪያ መካከል ገብቶ ሥራውን ያቋርጣል። ፍሬው ሲያድግ ቁራጩ ከአንዳንድ ሴሎች መመሪያ ተነቅሎ ይወጣል፤ በዚያም ቦታ ቀለሙ ይመለሳል። ብዙዎች ለዓመታት ቃሏን አልተቀበሉትም። በ1983 ግን በ81 ዓመቷ የኖቤል ሽልማት ተሰጣት።

በሰውም ላይ እንዲሁ ነው። ከዲ.ኤን.ኤ.አችን ግማሽ ያህሉ የመጣው ከእንዲህ ዓይነት ቁራጮች ነው። አብዛኞቹ ዛሬ አይንቀሳቀሱም። ጥቂቶቹ ግን እንደ ደብዳቤ ይገለበጣሉ፤ ዋናው ባለበት ይቀራል፣ ግልባጩ ሌላ ቦታ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። አስፈላጊ መመሪያ መካከል ከገባ ግን በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

በ1988 ሔግ ካዛዚያን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሄሞፊሊያ ያለባቸውን 240 ሰዎች መረመሩ። ሄሞፊሊያ ደም ሲፈስ ቶሎ የማይረጋበት በሽታ ነው። ከእነዚህ መካከል በሁለት ልጆች ላይ፣ ደም በሚያረጋው መመሪያ ውስጥ እንዲህ ያለ ግልባጭ ገብቶ ተገኘ። የወላጆቻቸው ዲ.ኤን.ኤ. ሲመረመር ግን ቁራጩ በዚያ ቦታ አልነበረም። ከአባትም ከእናትም ወገን የመጣ አይደለም፤ አዲስ ለውጥ ነው።

እርግጥ ብዙ የዘር በሽታዎች ጤነኛ ከሆኑ ወላጆች ሳይታወቁ ይወርዳሉ። ቢሆንም የማንም ጥፋት አይደለም። ዘሩን መርጦ የሚወልድ ሰው የለም።

ስለዚህ ከመወቃቀስ በፊት ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «አዲስ ለውጥ ነው ወይስ ከወላጅ የወረደ?» «ሌላ ልጅ ብንወልድስ ምን ያህል ያሰጋል?» የቁፓት ሖሊም ሐኪማችሁ ስለ ዘር በሽታ ወደሚያማክር ባለሙያ እንዲልካችሁ ጠይቁ። ባልና ሚስት አብራችሁ ሂዱ። አስተርጓሚም ጠይቁ፤ እንዲህ ያለውን ከባድ ነገር ልጆቻችሁ እንዲያስተረጉሙ አታድርጉ።

ሰላም ሁኑ።