ጫማ የሰቀለ ተጫዋች ጡረታውን ከየት ያገኛል?

የሜዳ ዕድሜ አሥር ዓመት፣ የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት

ገበያ ላይ ከሚቀርበው ሁሉ ቶሎ የሚያልፍበት ምንድን ነው ቢባል ነጋዴው ቲማቲም ወይም ወተት ብሎ ይመልሳል። ከእነዚህ ጋር ሊቆጠር የሚገባው ሌላም አለ። ይኸውም የእግር ኳስ ተጫዋች ጉልበት ነው። ተጫዋቹ ጉልበቱን ለገበያ የሚያቀርበው ከ20 ዓመቱ ገደማ ጀምሮ ሲሆን፣ 30ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ግን ገዢ ያጣል። በሌላ ሙያ የተሰማራ እኩያው በዚያን ጊዜ ገና የደረጃ ዕድገት መጠበቅ መጀመሩ ነው።

በአገራችን የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት መሆኑ ይታወቃል። በ32 ዓመቱ ጫማ የሰቀለ ተጫዋች ለጡረታ የሚደርሰው ከ28 ዓመት በኋላ ነው ማለት ነው። ለመሆኑ ይህ ተጫዋች ከደመወዙ በየወሩ የሚቆረጠው ገንዘብ ምን ያስገኝለታል? በመካከል ያለውን ጊዜስ በምን ይሻገረዋል? ጥያቄው የተጫዋቾችና የቤተሰቦቻቸው ብቻ ሳይሆን የክለቦችና የቀጣሪዎችም በመሆኑ ስሌቱን ከነምክንያቱ ማየት ይጠቅማል።

ጥንት ኳስና ሥራ አንድ ነበሩ

ቀደም ባለው ጊዜ ይህ ጥያቄ ብዙም አይነሳም ነበር። መብራት ኃይል፣ መድን፣ ንግድ ባንክና ሌሎችም ክለቦች የድርጅቶች ቡድኖች ነበሩ። በእነዚህ ቡድኖች የሚጫወተው ሰው በድርጅቱ የደመወዝ መዝገብ የሰፈረ ሠራተኛ ሲሆን፣ ጠዋት ልምምድ ሠርቶ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራው የሚገባበት ጊዜ ነበር። በጦር ሠራዊትና በፖሊስ ቡድኖች የሚጫወተውም ማዕረግ ነበረው። ጉልበቱ ሲደክም ኳሱን ይተዋል እንጂ ሥራውን አይለቅም። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ከወጣ በኋላ በመንግሥት ሥራ ላይ የነበረው ተጫዋች እንደማንኛውም ሠራተኛ አገልግሎቱ እየተቆጠረለት ለጡረታ የሚበቃበት መንገድ ነበረው። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም የነገው እንጀራ አያስጨንቀውም ነበር።

ሁኔታው እየተለወጠ የመጣው ተጫዋቹ ለኳስ ብቻ የሚቀጠር ባለሙያ እየሆነ ሲሄድ ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ተመሠረተ። ክለቦች የሌላውን ክለብ ተጫዋች በፊርማ ገንዘብ መሳብ ጀመሩ። የተጫዋቹ ዋጋም ከዓመት ዓመት ጨመረ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ መወሰኑ ገበያው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ያሳያል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የሊጉ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መታየት ጀመሩ። በአጭሩ ገቢው አደገ፤ ከገቢው ጋር ይመጣ የነበረው ቋሚ ሥራ ግን ቀረ። የዛሬው ውል ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት የሚፈረም ነው። ውሉ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል።

ሕጉ ምን ይላል?

እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ የግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተደነገገ የጡረታ ዋስትና አልነበረውም። የነበረው ቀጣሪው ከፈቀደ የሚቋቋም የፕሮቪደንት ፈንድ ነው። አዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲወጣ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች በጡረታ ዋስትና ታቀፉ። ይህ አዋጅ በበኩሉ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል።

በአዋጁ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ ቀጣሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። ድርጅት ሲባል ለንግድ የተቋቋመው ብቻ ሳይሆን ማኅበራትም የሚካተቱ በመሆኑ፣ በማኅበር መልክ የተደራጀ ክለብ ከግዴታው አያመልጥም። የተወሰነ ጊዜ ውል መፈረምም ተጫዋቹን ከሠራተኛነት አያወጣውም። ከውጭ አገር የሚመጡት ተጫዋቾች ግን ዕቅዱ ለኢትዮጵያውያን የተቋቋመ በመሆኑ አይመለከታቸውም።

የ50 ሺህ ብር ደመወዝተኛን እንውሰድ። ከራሱ 3,500 ብር፣ ከክለቡ 5,500 ብር፣ በድምሩ 9,000 ብር በየወሩ ለጡረታ ፈንድ ገቢ ይሆናል። በዓመት 108,000 ብር፣ በአሥር ዓመት 1,080,000 ብር ይደርሳል። ይሁንና ይህ ገንዘብ በተጫዋቹ ስም ተቀምጦ የሚጠብቀው የባንክ ተቀማጭ አይደለም። ወደ ጋራ ፈንድ የሚገባ ሲሆን፣ ለጡረተኛው የሚከፈለው ባዋጣው ብር ልክ ሳይሆን በቀመር ነው።

ቀመሩና ሦስቱ ወጥመዶች

በአዋጅ ቁጥር 715/2003 የተቀመጠው ቀመር ግልጽ ነው። አሥር ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ሲከፈለው የነበረው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ በየወሩ እስከ ዕድሜ ልኩ ይከፈለዋል። ከአሥር ዓመት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላው 60 ዓመት የደረሰው ሰው የሚያገኘው ወርሃዊ ጡረታ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። ይህ ቀመር በአንድ መሥሪያ ቤት 30 ዓመት ለሚቆይ የሒሳብ ሠራተኛ ይስማማል። ለኳስ ተጫዋች ግን ሦስት ወጥመዶች አሉበት።

የመጀመሪያው የአገልግሎት ዘመን ነው። አሥር ዓመት በሜዳ ላይ ረዥም ጊዜ ነው። በጉዳት ያለ ውል የቀረበት ዓመት፣ ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው እስኪሄድ ያለፈው ወራት፣ ክለቡ መዋጮውን ገቢ ሳያደርግ የቀረበት ጊዜ ሁሉ ከአሥሩ ላይ ይጎድላል። መልካሙ ነገር በተለያዩ ክለቦች የተሰጠ አገልግሎት መደመሩ ነው። ነገር ግን የሚደመረው የተመዘገበው ብቻ ነው። በገዛ ፈቃዱ ሥራ ለሚለቅ ሰውም አዋጁ የራሱ የአገልግሎት መስፈርት ስላለው፣ ተጫዋቹ ጫማ ከመስቀሉ በፊት ስንት ዓመት እንደተያዘለት ማወቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ናቸው። የሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ ወደ ጡረታው ሲቃረብ ከፍ ይላል። የተጫዋቹ ግን ይወርዳል። ከታላቅ ክለብ ወደ ትንሽ ክለብ፣ ከፕሪሚየር ሊግ ወደ ከፍተኛ ሊግ ይሄዳል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት 50 ሺህ፣ 30 ሺህና 16 ሺህ ብር የተከፈለው ተጫዋች አማካዩ 32 ሺህ ብር ነው። 30 በመቶው 9,600 ብር ይሆናል። በከፍተኛ ደመወዙ ላይ እያለ ቢታሰብለት ግን 15,000 ብር ይሆን ነበር።

ሦስተኛው በውሉ ላይ የሚጻፈው ነው። ለጡረታ የሚታሰበው መደበኛው የወር ደመወዝ ነው። የፊርማ ገንዘብ፣ የማሸነፊያ ጉርሻና አበል አይቆጠሩም። ሃምሳ ሺህ ብር የሚያገኝ ተጫዋች በውሉ ላይ 20 ሺው ደመወዝ፣ 30 ሺው አበል ተብሎ ቢጻፍ፣ የጡረታ መዋጮው ከ9,000 ብር ወደ 3,600 ብር ይወርዳል። ተጫዋቹ በየወሩ እጁ ላይ የሚገባው ስለሚጨምር፣ ክለቡም ወጪው ስለሚቀንስለት ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ዋጋው የሚከፈለው ቆይቶ ነው። በዚሁ ስሌት ጡረታው ከ15,000 ብር ወደ 6,000 ብር ዝቅ ይላል።

የገንዘብ ዋጋ መውደቅ

ከእነዚህ በላይ የሚያሳስበው የጊዜው ርዝመት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በ50 ሺህ ብር የተጫወተ ሰው በቀመሩ 32.5 በመቶ ወይም 16,250 ብር ይታሰብለታል። ይኸው ገንዘብ ሳይለወጥ ቆይቶ ከ28 ዓመት በኋላ መከፈል ይጀምር እንበል። ዋጋ በዓመት 10 በመቶ ብቻ ቢጨምር በ28 ዓመት ውስጥ ዕቃው ከ14 እጥፍ በላይ ይወደዳል። ስለዚህ 16,250 ብሩ የሚገዛው ዛሬ 1,127 ብር ገደማ የሚገዛውን ያህል ይሆናል። መንግሥት በየጊዜው የሚያደርገው የጡረታ ማስተካከያ ጉዳቱን ሊያቀለው ቢችልም፣ የኳስ ደመወዝን ብቻ ይዞ 60 ዓመትን መጠበቅ እንደማያዋጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መፍትሔው በሕጉ ውስጥም አለ። ተጫዋቹ ኳስ ካቆመ በኋላ በአሠልጣኝነት፣ በመምህርነት ወይም በሌላ ሙያ ተቀጥሮ መዋጮውን ከቀጠለ የሜዳው ዓመታት ከአዲሱ አገልግሎት ጋር ይደመራሉ። አማካይ ደመወዙም በጊዜው ዋጋ ይሰላል። የሜዳው አሥር ዓመት ብቻውን ደካማ መሠረት ቢሆንም፣ ሌላ 20 ዓመት ሲጨመርበት የ30 ዓመት አገልግሎት ሆኖ 55 በመቶ ያስገኛል።

ጉዳት ሲመጣ

ተጫዋች የሚፈራው እርጅናን ብቻ አይደለም። አዋጁ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የአሥር ዓመት አገልግሎት አይጠይቅም። በ715/2003 በተደነገገው መሠረት ጉዳቱ ቢያንስ 10 በመቶ የመሥራት ችሎታ ያሳጣ ሆኖ ሠራተኛውን ከነጭራሹ ከሥራ ካስወጣው፣ ከጉዳቱ በፊት ይከፈለው ከነበረው ደመወዝ 47 በመቶ በየወሩ ያገኛል። በ50 ሺህ ብር ደመወዝ ይህ 23,500 ብር ነው።

ችግሩ «ከሥራ የሚያስወጣ» የሚለው ላይ ነው። የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰ ተጫዋች ኳስ መጫወት ባይችልም ወንበር ላይ ተቀምጦ መሥራት ይችላል። ሕጉ የሚያየው የመሥራት ችሎታውን እንጂ የመጫወት ችሎታውን አይደለም። ሌላ ሥራ መሥራት ለሚችል ሰው የሚከፈለው በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው በክለቡ ወይም በተጫዋቹ የሚገባ የመድን ውል ሲሆን፣ በውል ድርድር ወቅት ከፊርማ ገንዘቡ እኩል ሊነሳ የሚገባው ጉዳይ ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

ኔዘርላንድስ በ1972 እ.ኤ.አ. የውል ተጫዋቾች ፈንድ አቋቁማለች። አሠራሩ ከተራ ጡረታ ይለያል። ተጫዋቹ ከገቢው ከፊሉን እየተጫወተ ሳለ በፈንዱ ያስቀምጣል፤ ግብሩም እስኪከፈለው ድረስ ይቆይለታል። ኳስ ሲያቆም 60 ዓመት መጠበቅ ሳያስፈልገው ገንዘቡ በየወሩ እየተከፋፈለ ይሰጠዋል። ዓላማው ሰውዬው ሌላ ሙያ እስኪይዝ ድረስ ማሻገር ነው።

በእንግሊዝ የተጫዋቾች የጡረታ ዕቅድ ከዝውውር ክፍያ ላይ በሚቆረጥ ገንዘብ ይደጎማል። ተጫዋቹ ሲሸጥ ሻጭና ገዢ ብቻ ሳይሆኑ የሁሉም ተጫዋቾች ጡረታ ይጠቀማል ማለት ነው። እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ተጫዋቾች በ35 ዓመታቸው ጡረታቸውን መውሰድ ይፈቀድላቸው ነበር። የግብር ሕጉ ሲለወጥ ይህ ለአዲስ ገቢዎች ቀርቷል።

በአሜሪካ ደግሞ በራሳቸው ዓይነት እግር ኳስ የተሰማራው ኤን.ኤፍ.ኤል. የሊጉ ጡረታ መብት ሦስት የውድድር ዘመን በተቆጠረለት ተጫዋች ላይ እንዲጸና አድርጓል። መደበኛው የጡረታ ዕድሜም 55 ዓመት ነው። ሙያው አጭር መሆኑን አይተው የአገልግሎት መስፈርቱን አሳጠሩት።

እዚህ አገር ቢሠራበት

የኔዘርላንድሱን መንገድ በእኛ ብር እናስላው። የ50 ሺህ ብር ደመወዝተኛ 10 በመቶውን ማለትም 5,000 ብር በየወሩ ቢያስቀምጥ በዓመት 60,000፣ በ12 ዓመት 720,000 ብር ይሆናል። ወለዱን ሳንጨምር ይህ ገንዘብ ለአምስት ዓመት ቢከፋፈል በወር 12,000 ብር ይደርሰዋል። አምስት ዓመት ዲግሪ ለመያዝ፣ የአሠልጣኝነት ፈቃድ ለማውጣት ወይም ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ ለማፍራት የሚበቃ ጊዜ ነው። ለዚህ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ክለቦች፣ የሊጉ አክሲዮን ማኅበርና ተጫዋቾች በውላቸው ላይ አንድ አንቀጽ ከጨመሩና ገንዘቡን በባንክ በዝግ ሒሳብ ካስቀመጡ ይበቃል።

እስከዚያው ተጫዋቹ በራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው አሉ። የጡረታ መለያ ቁጥሩን ከመጀመሪያው ክለቡ ይዞ እንዲወጣ፣ በየዓመቱ መዋጮው በስሙ ገቢ መሆኑን ከግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር እንዲያጣራ፣ ክለብ ሲለቅ የአገልግሎት ማስረጃውን ሳይቀበል እንዳይሄድ፣ አዲስ ውል ሲፈርምም ደመወዝና አበል ተለይተው የተጻፉበትን መስመር እንዲያነብ ይመከራል። የተቆረጠ መዋጮ ገቢ አለመሆኑ በዓመቱ ከታወቀ ክለቡን መጠየቅ ይቻላል። ከ20 ዓመት በኋላ ግን ክለቡ ራሱ ላይኖር ይችላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።