ባሕርን ከነዳጅ ልታጸዳ የተሰናዳችው ግዙፍ መርከብ ለምን ሳይሳካላት ቀረ?

በፈረንጆቹ ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ “ዲፕዋተር ሆራይዘን” የተሰኘው የነዳጅ ቁፋሮ መድረክ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጡ። ከባሕሩ ወለል የሚገነፍለው ድፍድፍ ነዳጅም ለ87 ቀናት ፈሰሰ።

በዚህ መካከል የታይዋን ባለሀብት ንብረት የሆነችው “ኤ ዌል” ወደ ስፍራው አቀናች፤ ስያሜዋ “ዓሣ ነባሪ” ማለት ነው። 340 ሜትር ገደማ የምትረዝመው መርከብ ማዕድንና ነዳጅ ለማጓጓዝ የተሠራች ስትሆን፣ ከአደጋው በኋላ በፊተኛው ክፍሏ ጎንና ጎን 12 ጠባብ ቀዳዳዎች ተከፍተውላት ለጽዳት ተሰናዳች።

አሠራሯ ቀላል ነበር። የተበከለው ውሃ በቀዳዳዎቹ ወደ ጋኖቿ ይገባል፤ ነዳጅ ከውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከሥር የቀረው ውሃ ወደ ባሕር ይመለሳል። ባለቤቶቿ በቀን እስከ 500 ሺህ በርሜል የተበከለ ውሃ እንደምታስተናግድ ተናግረው ነበር።

በጁላይ ወር በተደረገው ሙከራ ግን የሰበሰበችው ነዳጅ ኢምንት ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ኃይልም መርከቧ በጽዳቱ እንደማትሰማራ አስታወቀ።

እክሉ የአቅም ማነስ አልነበረም። ነዳጁ በሚበታትን ኬሚካልና በማዕበል ተከፋፍሎ በሰፊው ባሕር ላይ ተበትኖ ስለነበር፣ ወደ መርከቧ የሚገባው በአብዛኛው ውሃ ነበር። በተንሳፋፊ አጥር ነዳጁን አንድ ቦታ እያከማቹ የሚቀፉ ትናንሽ መርከቦች ግን የተበታተነውን እየተከተሉ ለመሰብሰብ ይቀላቸዋል።

ይህ ትምህርት የመጠጥ ውሃቸውን ከባሕር አጣርተው ለሚያገኙት የባሕረ ሰላጤው አገሮችና ለቀይ ባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ትልቅ ትርጉም አለው። በየመን የባሕር ጠረፍ ቆማ ለዓመታት ያለ ጥገና ያረጀችው “ሴፈር” የተሰኘች ነዳጅ ማከማቻ መርከብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ይዛ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ ነዳጁ ቢፈስ ለጽዳቱ ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ሊያስፈልግ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር።

በኦገስት 2023 ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገልብጦ ተጠናቀቀ። የፈሰሰ አይታፈስም እንዲሉ፣ ቀይ ባሕርን ከዚያ ጥፋት ያዳነው የጽዳት መርከብ ሳይሆን አስቀድሞ የተወሰደው እርምጃ ነው።