ቦሎ ከመለጠፉ በፊት

የዓመቱ ምርመራ ሲቃረብ አንዱ የመኪና ባለቤት ጋራዥ ይሄዳል፤ ሌላው ደህና ጎማ ያለው ወዳጅ ያፈላልጋል። ጎማ ተውሶ፣ የእሳት ማጥፊያ ተውሶ፣ ምርመራውን አልፎ ማታውኑ የሰው ንብረት የሚመልስ አይጠፋም። ቦሎው ይለጠፍለታል፤ በማግስቱ ዝናብ ላይ የሚነዳው ግን በገዛ ራሱ ላጣ ጎማ ነው። መርማሪውን ያታለለ ይመስለዋል።

ሕጉ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ሲሆን ተሽከርካሪን መለየትን፣ መመርመርንና መመዝገብን አንድ ላይ የያዘ ነው። ስለዚህ ምርመራው የመኪናውን ጤንነት ብቻ ሳይሆን ማንነቱንም ያያል፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ሞተር ቀይሮ ያላስመዘገበ ሰው፣ መኪናው ምንም ያህል ደህና ቢሆን እዚህ ላይ ይያዛል። የሦስተኛ ወገን መድንም አስቀድሞ መታደስ አለበት።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ትልቁ ጉዳይ ፍሬን ነው። የፊት ጎማዎች ወለሉ ውስጥ በተቀበሩ ሮለሮች ላይ ይወጣሉ። ሮለሮቹ በኤሌክትሪክ እየዞሩ ጎማዎቹን ቀስ አድርገው ያሽከረክራሉ፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ እያንዳንዱ ጎማ ሮለሩን የሚታገልበት ኃይል ለየብቻው ይለካል። ከዚያ የኋላው፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑ ይከተላል። ማሽኑ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ጠቅላላው ኃይል ለመኪናው ክብደት ይበቃል ወይ? የግራውና የቀኙስ ይመጣጠናል ወይ? ባለቤቱን የሚያስደነግጠው ሁለተኛው ነው፤ እግር ሲረግጠው ደህና የሚመስል ፍሬን ግራና ቀኙ ሊበላለጥ ይችላልና። የአንዱ ጎማ ፒስተን ተጣብቆ ወይም ዘይት አፍስሶ ሸራውን አርሶት ከሆነ፣ ድንገት ሲያዝ መኪናው ጠንክሮ ወደያዘው ጎን ይሳባል። እርጥብ አስፋልት ላይ መስመር የሚያስተው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ጥሩ መካኒክ የሚሰጠውን ምክር መስማት ያዋጣል። ሸራ ሲቀየር የግራና የቀኙ አብሮ ይቀየር። ደግሞ በምርመራው ዕለት ጠዋት አይቀየር፤ አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ድረስ በሙሉ ገጹ አይነካም፣ ስለዚህ ገንዘብ አውጥቶ መውደቅም አለ። ጥቂት ቀን ቀድሞ አስቀይሮ እየነዱ ማለማመዱ ይሻላል።

የመሪው ሙከራ አጭር ነው። መኪናው ተንሸራታች ሰሌዳ ላይ በዝግታ ያልፋል፤ ጎማው ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚገፋው ይታያል። የጎማ ነፋስ ግራና ቀኝ ከተለያየ ውጤቱ ሊዛባ ስለሚችል መጀመሪያ ጎሚስታ ጎራ ማለት ነው። ከጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ መርማሪው በመብራት ቲራንቲውን፣ ቴስቲኒውን፣ ባሌስትራውን ያያል። ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ክላክስ የመሳሰሉትን ማንም ቤቱ ደጃፍ ላይ በአሥር ደቂቃ ሊያያቸው ይችላል፤ በአንድ የተቃጠለ አምፖል ተመልሶ መሰለፍ ያናድዳል።

ጭስ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ችግር አለባት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በአማካይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ አሮጌ ካርቡራተር እዚህ ነዳጁን ከአየሩ አብልጦ ይሰጣል፤ ያልተቃጠለው በማርሚታ ይወጣል። የአየር ማጣሪያው ከታፈነ ይብሳል። ማጣሪያውን ማጽዳት ወይም መቀየር፣ ሞተሩንም በደንብ አሙቆ መግባት ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ያለ ጥፋቱ ሊወድቅ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የጭነት መኪናው ነው። ለምርመራ የሚመጣው ባዶውን ነው፤ ፍሬኑም ቀዝቃዛ ነው። ያው መኪና እህል ወይም ሲሚንቶ ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ከመያዝ ይልቅ ፍሬኑን እየረገጠ ከወረደ ታምቡሩ ይግላል፤ የጋለ ታምቡር ይሰፋል፣ ሸራውም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ሮለሩ ላይ በደንብ ያለፈ ፍሬን እዚያ መካከል ላይ ሊከዳ ይችላል። ቦሎው የሚመሰክረው መኪናው ምርመራው ሰዓት ላይ ስለነበረበት ሁኔታ ብቻ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች የጭስ ጣጣ የለባቸውም። ይሁን እንጂ ፍጥነታቸውን በአብዛኛው የሚቀንሰው ራሱ ሞተሩ ስለሆነ ሸራቸው እምብዛም አይሠራም፤ በክረምት ዲስኩ ይዝጋል። ባትሪውም ከባድ ስለሆነ ጎማቸው ቶሎ ያልቃል። አልፎ አልፎ፣ ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይቶ፣ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ መያዝ ዝገቱን ያነሳዋል።